ስድስት ዙር በግራ እጅ

እትዬ ኢክራም ለምርመራ ጉዞ አሥራ አምስት ቀን ሲቀራት ሽንኩርት መላጥ ታቆማለች። የጋለ ድስት አትነካም፤ ልብስ አታጥብም፤ በር እንኳን የምትከፍተው በክርኗ ነው። ይህን ያዘዘው የስምምነቱ ሐኪም ነው። በየሦስት ቀኑ ከደሴ እየመጣ የቀኝ አውራ ጣቷን በማጉያ መነጽር ያይና ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። በዚያ ሰሞን ወጥ የሚሠራውም ልብስ የሚያጥበውም ባሏ ሰዒድ ነው። «የዓለም ሰላም በሚስቴ አውራ ጣት ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ ምድጃው ሥር ተቀምጫለሁ» ይላል። አባባሉን ስለሚወደው በየዓመቱ ይደግመዋል።

በ2090 ዓ.ም. በሐይቅ ከተማ እንዲህ የሚኖሩ ሠላሳ ስምንት ሴቶች ነበሩ። ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ይገርመዋል፤ እኛ ለምደነዋል። ገበያ ውስጥ ጓንት ያደረገች ሴት ከታየች ሰው መንገድ ይለቅላታል፤ ዕቃዋንም ሌላ ይሸከምላታል። እኔ ጌጡ እባላለሁ፤ የእነዚህ ሴቶች አስተርጓሚ ነኝ። ማሽን የተረጎመውን ቃል ማንም ማመን ካቆመ ወዲህ አስተርጓሚነት እንደገና የሰው እንጀራ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ትልልቅ አገሮች፣ ሴቶቹ «በረዶዎቹ» እና «ባሕሮቹ» የሚሏቸው፣ የኒዩክሌር ቦምቦቻቸውን ተራራ ሥር ቆልፈው ላይነኩ ከተስማሙ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ቆልፎ መስማማት ቀላል ነበር። የቸገረው መተማመኑ ነው። መጀመሪያ ካሜራ ተከሉ፤ ካሜራ የሚያሳየውን ሁሉ መፈብረክ ተቻለ። በቁጥር፣ በጣት አሻራ፣ በብርሃን ማኅተም ሞከሩ፤ ማሽን የሠራውን ሁሉ ሌላ ማሽን ገለበጠው። በመጨረሻ ከየበሩ ቁልፍ ላይ የተለጠፈችው ከሰንደዶና ከአክርማ የተሰፋች፣ መዳፍ የምታክል ክብ ስፌት ሆነች። በሩን የከፈተ ይቀድዳታል። ቀድዶ በሌላ ልተካት ያለም ዓይን የማይለያት አስመስሎ ሊያሠራ ይችላል፤ የሰፋቻትን ሴት አውራ ጣት ግን አያታልልም። ሦስት ጊዜ ሞክረዋል። ሦስቱንም የያዙት የእኛ ሴቶች ናቸው። ይህን ስጽፍ ደረቴ ነፋ ማለቱን አልደብቅም፤ ቦምብ ኖሮት የማያውቅ አገር ቦምብ ያላቸውን በሣር አስሮ አስቀምጧል።

ደንቡ አጭር ነው፦ አንድ ማኅተም፣ አንድ እጅ። ሴትዮዋ በቤቷ ብቻዋን ትሰፋለች፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በአካል ሄዳ ትዳስሰዋለች፤ ከዚያም ከሁለት ቃል አንዱን ትናገራለች። «እጄ ነው» ወይም «እጄ አይደለም»። ስምምነቱ በስድስት ቋንቋ ቢጻፍም እነዚህ ሁለቱ በስድስቱም ውስጥ በአማርኛ ነው ያሉት። «እጄ አይደለም» ከተባለ ሌላኛው ወገን ከሰባ ሁለት ሰዓት በኋላ የራሱን በሮች የመክፈት መብት አለው። ምን ለማድረግ እንደሚከፍታቸው መጻፍ አያስፈልግም።

በዚህ ሁሉ የማያምኑት የእትዬ ኢክራም ጎረቤት እማማ ቢታንያ ብቻ ነበሩ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ስፌት ከተባለ በከተማው ከእሳቸው በላይ የለም፤ ግራኝ ናቸው። ስምምነቱ ሴቶች ሲመለምል ደጃቸው ድረስ ሄዶ ለምኗቸው ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው አንበሳው እሺ ብሎ ከተኛ ነው» ብለው መለሱት። ከእትዬ ኢክራም ጋር ደግሞ ከተኳረፉ አራት ዓመት አልፏል። ምክንያቱ የእትዬ ኢክራም ጣሪያ ውሃ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር በእማማ ቢታንያ ጎመን ላይ ይወርዳል። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ገብቶ ሁለት ጊዜ ወጥቷል። በአንድ አጥር ሁለት በኩል እየኖሩ ሰላምታ የላቸውም።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ እትዬ ኢክራምና እኔ ወደ በረዶዎቹ ተራራ ሄድን። ከተራራው ሥር ረዥም መተላለፊያ አለ፤ በግራና በቀኝ አርባ በሮች ናቸው። ከአርባው አሥራ ሁለቱ የእሷ ማኅተም ያለባቸው ነበሩ። ሥርዓቱን ለብዙ ጊዜ ስላየሁት አይደንቀኝም፤ ግን ሁሌም ያኮራኛል። የግምጃ ቤቱ አዛዥ ኮሎኔል ኦርሴን፣ ሦስት ኒሻን ያንጠለጠለ ግዙፍ ሰው፣ ለብ ያለ ውሃ በሳህን ይዞ ይቀርባል። እትዬ ኢክራም ጓንቷን ታወልቃለች፤ እጇን ትነክራለች፤ ኮሎኔሉ ፎጣ ያቀብላታል። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አውራ ጣቷን ከመሀል ጀምራ እያዞረች እስከ ጠርዙ ትሄዳለች። «እጄ ነው» ስትል ኮሎኔሉና የባሕሮቹ ልዑክ ወይዘሮ ሊማራ እየተከተሉ ይደግማሉ። ኮሎኔሉ «ኢጄ ኔው» ነው የሚለው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማንም አላረመውም።

ሰባት በሮች አለፉ። ስምንተኛው ላይ፣ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በተባለው፣ የእትዬ ኢክራም አውራ ጣት መንገድ ላይ ቆመ። ወደ መሀል ተመለሰች። እንደገና ዞረች። እንደገና እዚያው ቆመች።

«መሀሉ እጄ ነው። ጠርዙም እጄ ነው» አለች ቀስ ብላ። «በመካከል ያለው ግን የሰው እጅ ነው።»

ተረጎምኩት። መዝገብ የያዘው ጸሐፊ ብዕሩን እንዳነሳ ቀረ፤ ለእንዲህ ያለ መልስ መዝገቡ ውስጥ ቦታ የለውም። ወይዘሮ ሊማራ ከሁለቱ አንዱ እንዲነገራት ጠየቀች። ድምፅዋን አልጨመረችም፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ አያቷ ከስምምነቱ በፊት በነበረው ጦርነት እንደሞቱ ሰምቻለሁ። እትዬ ኢክራም መልሷን እስከ ማግሥቱ ቀትር የማቆየት መብት ስላላት እሱን ጠየቀች። ተፈቀደላት።

ወደ ማረፊያ ክፍላችን ስንመለስ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ማኅተሙ የተሰፋው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። መዝገቡን አየሁ፤ ጥር 2080 ይላል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባቴ የሞተ ጊዜ ነው» አለች።

ቀስ በቀስ ነገረችኝ። አባቷ ሐጂ ይማም ሲሞቱ ማኅተሙ ተጀምሮ ነበር። ሦስት ቀን ተዝያ፣ ማለትም ለቅሶ፣ ስትቀመጥ ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። እኛ ጋ ሐዘንተኛ እጇ ሥራ አይነካም፤ የተጀመረ ሥራ ካላት ደግሞ ጎረቤት ያስቀጥልላታል። ሊጡን አንዷ ትጋግራለች፣ ውሃውን ሌላዋ ትቀዳለች፣ ስፌቱንም ያገኘችው ታነሳለች። ሥራዋ ቆሞ ሐዘኗን እንዳያረዝምባት ነው ይባላል። የዓለም መንግሥታት ደንብ የጻፉ ጊዜ ስለ ስርቆት፣ ስለ ጉቦና ስለ ስለላ አስበዋል፤ ስለ ለቅሶ ቤት ግን ማንም አላሰበም።

«ስፌቱ ወደ ግራ ይተኛል» አለች። «ይኼን እጅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስፌት ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»

እማማ ቢታንያ መሆናቸው ነው።

እንዴት ሳታውቀው እንዳስረከበችው ጠየቅኳት። ሐዘንተኛ ዙር አይቆጥርም አለችኝ። ከተዝያው በኋላ ስፌቱን አንስታ ጨረሰችው፤ ከማስረከቧ በፊት አንዴ ልትዳስሰው ይገባት ነበር፤ አልዳሰሰችውም። ጥፋቷ እሱ ነው። የሌላ እጅ ያለበት ማኅተም ያስረከበች ሴት ከዝርዝሩ ትሰረዛለች። ይባስ ብሎ የከተማው ሠላሳ ስምንት ሴቶች ሁሉ ፈቃድ እንደገና ይመረመራል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ስህተት አልተገኘባትም ነበር፤ በሐይቅ ሴት ልጅ ሲወለድላቸው «እንደ ኢክራም ያድርጋት» ብለው የሚመርቁ አሉ።

ኮሎኔል ኦርሴን ሊያያት መጣ። ኒሻኑን አውልቆ ነበር። በሩ አለመከፈቱን በልጆቹ ስም ማለላት። ከዚያም ማኅተሙ አብዛኛው የእሷ ከሆነ «እጄ ነው» ማለቷ ውሸት እንደማይሆን አስረዳት፤ አንዲት ቃል ብቻ፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ተርጉሜ ስጨርስ፣ አላህም እግዜርም ይቅር ይበለኝ፣ የራሴን ጨመርኩበት።

«እውነቱን ነው እትዬ። በሩ እንዳልተከፈተ አንቺም አውቀሻል። ምን ያከራክራል?»

ቀና ብላ አየችኝ። እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

«ጌጡ፣ እነዚህ ሰዎች ፎቶአቸውንም፣ ፊርማቸውንም፣ የገዛ መሪያቸውንም አያምኑም። የሚያምኑት ይቺን ብቻ ነው» ብላ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። «ዛሬ ለደግ ብዬ ካዋሸኋት፣ ነገ ለክፉ የሚያዋሻት አይጠፋም።»

አፈርኩ። ለኮሎኔሉ የተረጎምኩለት ግን በሙሉ ድምፅ ነው፤ የእኔን ቃል ጭምር።

በማግሥቱ ቀትር መተላለፊያው ሰው ሞላው። እትዬ ኢክራም ከበሩ ፊት ቆማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። የአባቷን ሞት፣ ሦስቱን ቀን፣ ሳትዳስስ ማስረከቧን። ደንቡን ማፍረሷን ማንም ሳይጠይቃት አመነች። የጎረቤቷን እጅ አንስታ ግን ስሟን በሰው ፊት አልጠራችም። ሌላኛዋ ሴት ስንት ዙር እንደሰፋች በወረቀት ጽፋ አሽጋ ለወይዘሮ ሊማራ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ትምጣና ትጠየቅ አለች።

ወይዘሮ ሊማራ ታሪኩ ጥሩ መሆኑን ተናገረች። ጥሩ ታሪክ ግን ማንም ሊያዘጋጅ እንደሚችል ጨመረች፤ በሩን የከፈተ ብልህ ሰው የሚያዘጋጀውም እንዲህ ያለውን ነው። ሴቲቱን ሊገዟት ይችላሉ፣ ጎረቤቷንም ሊገዟት ይችላሉ። እውነት ለመናገር ስህተት አልነበረባትም። እኔም በሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው እጠረጥር ነበር።

ከዚያ የጠየቀችውን እኔ እስከዛሬ አልረሳውም።

«ሁለት ቃል ብለሽ በክብር ወደ ቤትሽ መሄድ ትችዪ ነበር። ለምን በራስሽ ላይ መሰከርሽ?»

«ተጠየቅኩ» አለች እትዬ ኢክራም። «ለመጠየቅ አይደል የመጣሁት?»

ወይዘሮ ሊማራ ሰባ ሁለቱ ሰዓት መቆጠር እንዳይጀምር ፈቀደች። ለሦስት ቀን ብቻ።

በቪዲዮ የሚታይ ሰው ማስረጃ መሆኑ ከቀረ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ እማማ ቢታንያ በአካል መምጣት ነበረባቸው። የስምምነቱ መልእክተኛ ስማቸውን ከእትዬ ኢክራም በጆሮው ተቀብሎ ሐይቅ ሲደርስ የሚነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ኢክራም ከጭንቅ ላይ ናት፣ ለምን እንደሆነ መናገር አይፈቀድም፣ ይመጣሉ ወይ? እትዬ ኢክራም አይመጡም አለችኝ። አራት ዓመት ደህና ዋልሽ ያላሉኝ ሴትዮ ባሕር ተሻግረው ለእኔ ይመጣሉ? ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔም ደጋግሜ ወደ መንገዱ አየሁ። የሁለት አገር ቦምብ በአንድ የጎመን መደብ ኩርፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ይህን ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መጡ። ከነጠላቸው ላይ የወታደር ካፖርት ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ስለ አውሮፕላኑ ምግብ እያማረሩ ነው የገቡት። ከእትዬ ኢክራም ጋር እንዳይገናኙ በሌላ በር ተወሰዱ። ወይዘሮ ሊማራ የትኛው በር እንደሆነ ሳትነግራቸው ከመጀመሪያው በር አስጀመረቻቸው። ማኅተሞቹን እንዲዳስሱ ብቻ ነገርኳቸው፤ ሌላ ነገር እንዳልጨምር ሁለት የማያውቁኝ አስተርጓሚዎች አጠገቤ ቆመው ያዳምጡ ነበር።

እማማ ቢታንያ የግራ አውራ ጣታቸውን እየላሱ ከበር በር ሄዱ። ሲነኩ እየተቹ ነበር። «ይቺ ቸኩላለች... ይቺ አክርማዋን በደንብ አልዘፈዘፈችም... ይኼ የኢክራም ነው፤ ጥሩ ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።» ኮሎኔሉ ሳህኑን ይዞ ይከተላቸዋል። ሃያ ሦስተኛው በር ላይ ደረሱና እጃቸውን አሳረፉ። ቁጥሩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነበር።

«ውይ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሐጂ ይማም።»

እሳቸው ጣታቸውን እያዞሩ ነበር።

«ስድስት ዙር ነው። ሰባተኛውን ስጀምር የደሴ ለቀስተኛ ገባና ተነሳሁ።»

ወይዘሮ ሊማራ የታሸገውን ወረቀት ቀደደችው። በእትዬ ኢክራም እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ ስድስት ዙር፤ ሰባተኛው ተጀምሮ የተተወ። ወረቀቱን ለሁለቱ አስተርጓሚዎች አሳየቻቸው፤ አነበቡት። ቢሆንም አልጨረሰችም። ሌላ ሰው እንዳይነካው መከልከሉን ያውቁ እንደነበር እማማ ቢታንያን ጠየቀቻቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነኩት?»

«አባቷ ሞቶባት ነበራ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምን ለማንም አልተናገሩም? ለእሷስ ለምን አልነገሯትም?»

እማማ ቢታንያ ጥያቄው አልገባቸውም። እንደገና ተረጎምኩላቸው። ወደ እኔ ዞረው፣ እንደተሰደበ ሰው፣

«የለቅሶ ሥራ ይነገራል እንዴ?» አሉ።

ይህችን መልስ መተርጎም አቃተኝ። «ለሐዘንተኛ የተደረገ ነገር አይወራም፣ ካወሩት ውለታ ይሆናል» ብዬ አብራራሁት። ወይዘሮ ሊማራ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከፊታቸው ላይ አነሳች። አራት ዓመት ሲኳረፉ፣ ሽማግሌ ፊት ሲወቃቀሱ፣ «እኔ እኮ እንዲህ አድርጌልሽ ነበር» ብለው አንድ ቀን አልመዘዟትም። እኔ እዚያ ቆሜ የከተማቸው ሰው በመሆኔ ኮራሁ።

እትዬ ኢክራም ስትገባ ሁለቱ ለትንሽ ጊዜ ተያዩ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው አነሷት።

«ተይ፣ ተይ። የውሃውን ነገር ግን አልረሳሁትም» አሉ።

«አንቱ እንዴት ይረሱታል» አለች እየሳቀች፤ እንባዋም ይወርድ ነበር።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጸሐፊው መዝገቡ ላይ መስመር በእጁ አሰመረና ሦስተኛ ቃል ጻፈ። ቃሉን የነገረችው እትዬ ኢክራም ናት፦ «የጎረቤቴ እጅ ነው።» ኮሎኔሉ ደገመው። ወይዘሮ ሊማራም ደገመችው፤ «ጎረቤቴ» የምትለዋ ላይ ትንሽ ተቸገረች፣ ግን አልተወችውም። የባሕሮቹ በሮች ሳይከፈቱ ቀሩ።

ደንብ ደንብ ነውና እትዬ ኢክራም ከዝርዝሩ ተሰረዘች። ቤቷ እንደገባች ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር በባዶ እጇ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት መላጥ ነበር። ያስለቀሰኝ ሽንኩርቱ ነው አለችን፤ እኛም አመንን። ሰዒድ በሚቀጥለው ሳምንት የጣሪያውን ውሃ በቧንቧ ወደ ቦዩ አዞረው፤ እማማ ቢታንያ አዩና ቧንቧው ጠማማ ነው አሉ።

የሠላሳ ሰባቱ ሴቶች ፈቃድ አልተነካም። ስምምነቱ ግን ተለወጠ። ከሦስት ወር ክርክር በኋላ «አንድ ማኅተም፣ አንድ እጅ» የሚለው ወጥቶ «አንድ ማኅተም፣ ሁለት እጅ» የሚል ገባ። ሐሳቡን ያቀረበችው ወይዘሮ ሊማራ ናት። አንዲትን ሴት መግዛት ይቻል ይሆናል፤ አስመስሎ መስፋትም ይቻል ይሆናል፤ አንዷ የሌላዋን እጅ በጨለማ የምትለይ ሁለት ጎረቤት ግን ከየት ይገዛል ብላ ተከራከረች። ስለዚህ ማኅተም ሰፊ የምትሆን ሴት ሁሉ እጇን የሚለይ ጎረቤት መጥራት አለባት፤ ሁለቱ አብረው ይሰፋሉ፣ አብረው ይሄዳሉ።

ሚያዝያ ላይ የስምምነቱ ሰዎች ሐይቅ መጡ፤ እማማ ቢታንያን ለመመዝገብ ነው። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነበር። እኔ ተርጓሚ ሆኜ ደጃቸው ላይ ተቀመጥኩ። አንበሳውን አንስተው ሊቀልዱ ነው ብዬ ስጠብቅ ጎመናቸውን እየቀነጠሱ ዝም ብለው አዳመጡ፤ ከዚያ እሺ አሉ። ጸሐፊው ቅጹን አወጣ። ስም፣ ዕድሜ፣ የሚሰፉበት እጅ። የመጨረሻው ጥያቄ እጅዎን የሚለየው ጎረቤት ማነው የሚል ነበር።

እማማ ቢታንያ ቀና ሳይሉ በከዘራቸው ወደ አጥሩ ማዶ ጠቆሙ። «ያቺ ናታ፣ ውሃ ስታፈስብኝ የኖረችው።»

ጸሐፊው ግራ ገብቶት አየኝ።

«ኢክራም ይማም ብለህ ጻፍ» አልኩት። «ከዝርዝሩ የሰረዛችኋት ናት።»